መብራት ሲጠፋ አፌ ለምን ይፈታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከጎጃም የደረሱኝ ሦስት ደብዳቤዎች፣ ጸሐፊዎቻቸው ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ላይ ተገናኙብኝ፤ ብርሃንና ጨለማ ላይ። ስለዚህ ሌላውን ጥያቄ ለሚቀጥለው አሳድሬ ሦስቱን አንድ ላይ አቅርቤአለሁ። ስምና ሰፈር አልጠቀስኩም። የመጀመሪያው ረዘም ይላል። ብዙ ሰው ራሱን ያገኝበታል ብዬ ስላሰብኩ አላሳጠርኩትም።

ጥያቄ፦ ሰላም ላንቺ ይሁን እህቴ። ዕድሜዬ 26 ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ አስተምራለሁ። ክፍል ውስጥ ከልጆቹ ጋር ምንም አልሆንም፤ ችግሬ ከትልልቅ ሰው ጋር ነው። ስብሰባ፣ ማኅበር፣ ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ላይ አምፖሉ ቦግ ብሎ በርቶ ሰው ክብ ሠርቶ ሲቀመጥ ልቤ ይመታል፣ አፌ ይደርቃል፣ ሲኒ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል። ሲኒው ከማስቀመጫው ጋር ሲንቀጫቀጭ ቤቱ በሙሉ የሚሰማው ይመስለኛል። እናም ቡና ትቻለሁ ማለት ጀመርኩ። አልተውኩም፣ ቤቴ ብቻዬን እጠጣለሁ።

ባለፈው ግን የገረመኝ ነገር ሆነ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቤት ቡና ተጠርተን ስድስት ሆነን ተቀምጠናል። እኔ እንደ ልማዴ ጥጉን ይዤ ዝም። ድንገት መብራት ጠፋ። የቤቱ እመቤት ሻማ ፍለጋ ጓዳ ስትገባ እኔ ማውራት ጀመርኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ አንዲት ጊደር ጠፍታብኝ ስፈልጋት ያደርኩበትን ሌሊት ነገርኳቸው። ሰው ሳቀ፤ «ከዚያስ?» አለ። ሻማው አልተገኘም፣ የሚታየው የከሰሉ ፍም ብቻ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳወራ ቆየሁ። ከዚያ መብራቱ መጣ። ልጆቹ «መጣ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። እኔም ወሬዬን መሃል ላይ ቆረጥኩት። ጊደሯን አገኘኋት አላገኘኋት ሳልናገር ቀረሁ። «ጨርስልን እንጂ» ቢሉኝ ምላሴ ተሳሰረ። ቤቴ ስገባ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ኑሮዬን በሙሉ ወደ ጨለማ አዞርኩት ማለት እችላለሁ። ዳቦ የምገዛው ዓይን ሲይዝ ነው። ሰርግ የምሄደው ሲመሽ፣ ለቅሶ ቤት የምቀመጠው መብራቱ የማይደርስበት የድንኳኑ ጠርዝ ላይ፣ ጋቢዬን እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ችግሬ መብራቱ ነው ወይስ እኔ ነኝ? ጨለማው የሚረዳኝ ከሆነስ በዚሁ ብቀጥል ምን አለበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ጊደሯ ተገኘች ወይስ አልተገኘችም የሚለውን እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርህ። አንተ መናገር የማይችል ሰው አይደለህም። ፊትህ ሳይታይ፣ በእጅህ ሳታሳይ፣ በድምፅህ ብቻ አምስት ሰው ሃያ ደቂቃ ይዘሃል። ይህን ማድረግ የሚያቅተው ብዙ ተናጋሪ አለ። እንዲህ ያለ ጭንቀት ያለበት ሰው ብዙ ጊዜ «እኔ ወሬ አልችልም፣ ተፈጥሮዬ ነው» ብሎ ይደመድማል። ያንተ ማታ ግን ሌላ ነገር ነው ያሳየን። ወሬው አለ። የጎደለው ሰው እያየህ ማውጣቱ ነው።

ታዲያ ጨለማው ምን አደረገልህ? ሦስት ነገር ወሰደልህ። የሰዎቹን ዓይን ካንተ ላይ አነሳ። አንተም የእነሱን ፊት እያየህ «ሰለቸው፣ ሳቀብኝ፣ ናቀኝ» እያልክ መተርጎም አልቻልክም። ሦስተኛው ግን ዋናው ነው፤ ራስህን ማየት ተውክ። በፈረንጆቹ 1995 (ዓመቶቹን ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ዴቪድ ክላርክና አድሪያን ዌልስ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ይህን ዓይነት ጭንቀት ሲያብራሩ ያስቀመጡት ይህንኑ ነው። የሚጨነቀው ሰው ሰው ፊት ሲሆን ትኩረቱ ከውጪ ወደ ውስጥ ይዞራል። እጄ፣ ድምፄ፣ ፊቴ፣ ላቤ እያለ ራሱን ይጠብቃል። በዚያ ጥበቃ ውስጥ ሆኖ «ሰው እንዲህ ነው የሚያየኝ» የሚለውን ሥዕል ራሱ ይሥላል፤ ሥዕሉም ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው የከፋ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ያ ሥዕል አብሮ ጠፋ። ስለ ጊደሯ ብቻ ማሰብ ቻልክ።

ቆይ ግን፣ ጨለማ በራሱ ሰውን ያረጋጋል ማለት አይደለም። እንዲያውም ተቃራኒው ነው። በ1997 አካባቢ በተሠሩ ጥናቶች ሰው ጨለማ ውስጥ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ በብርሃን ካለበት ጊዜ የበለጠ እንደሚደነግጥ ታይቷል። አይጦች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እነሱ ይበልጥ የሚደነግጡት ደማቅ ብርሃን ላይ ነው፣ የሌሊት እንስሳት ናቸውና። በ2021 ደግሞ አውስትራሊያ ውስጥ ጤነኛ ሰዎችን የአንጎል ምስል በሚያነሳ መሣሪያ ሲያዩዋቸው፣ አሚግዳላ የሚባለው የፍርሃት ማንቂያ ክፍል ብርሃን ሲበራ ከጨለማው ጊዜ ይልቅ ረገብ ሲል ተገኝቷል። እኛ ጎጃም ውስጥ ይህን ለማወቅ መሣሪያ አላስፈለገንም። ማታ ወንዝ ዳር ብቻውን የሄደ ሁሉ ያውቀዋል።

እንግዲህ አየህ፣ ሁለት ፍርሃት አለ። አንዱ «ምን ይመጣብኝ ይሆን» የሚለው ነው፤ እሱን ብርሃን ያቀለዋል። ሌላው «ምን ይሉኛል» የሚለው ነው፤ እሱን ብርሃን ያባብሰዋል። ያንተ ሁለተኛው ነው። የባልደረባህ ቤት ውስጥ ከምታምናቸው ሰዎች ጋር ስለነበርክ የመጀመሪያው አልመጣም፣ ሁለተኛውም ለቀቀህ። ጥያቄህን ለመመለስ ያህል፣ ችግሩ መብራቱ ብቻ አይደለም፣ አንተ ብቻም አይደለህም። መብራቱ በሚገልጠው ነገር ላይ የሰጠኸው ትርጉም ነው።

ጨለማ አፍ የሚፈታው ላንተ ብቻም አይደለም። በ2006 ጃፓን ውስጥ የምክር አገልግሎት ክፍል ላይ በተሠራ ጥናት፣ ደብዘዝ ባለ ብርሃን የተቀመጡ ሰዎች የበለጠ ዘና ብለው ስለ ራሳቸውም የበለጠ ተናግረዋል። እኛም ዘንድ ተረት የሚወራው ማታ እሳት ዳር ነው። እናቶቻችን ቀን ያላወጡትን የሆድ ጉዳይ የሚያወጡት ኩራዙ ከጠፋ በኋላ ጋደም ብለው ነው። ስለዚህ በዚያ ማታ አትፈር። ማፈር የሚገባው ምንም ነገር አላደረግክም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። በዚሁ ብቀጥል ምን አለበት አልክ። አለበት ወንድሜ፣ ብዙ አለበት።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ክፍል ፊት ቆሜ ጽሑፍ ሳቀርብ ሁልጊዜ «ስላይዱ እንዲታይ መብራቱ ይጥፋልኝ» እል ነበር። ማንም አልነቃብኝም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሄድኩ። አራተኛው ዓመት ላይ የቀን ክፍል ደረሰኝ፣ መጋረጃ የሌለው፣ ፀሐይ ሙልት ያለበት። ያን ቀን እንደ መጀመሪያው ዓመት ተንቀጠቀጥኩ። ሦስቱ ዓመት ምንም አላስተማረኝም ነበር። ምክንያቱም በደህና በወጣሁ ቁጥር ውስጤ «ያዳነሽ ጨለማው ነው» እያለ ይመዘግብ ነበር እንጂ «ችለሻል» አላለም። ባለሙያዎች ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ስም አላቸው፤ የመከለያ ባሕርይ በለው። ጋቢህ መከለያ ነው። ጥጉ መከለያ ነው። «ቡና ትቻለሁ» ማለትህም መከለያ ነው። መከለያ ለዕለቱ ያሳርፋል፣ ፍርሃቱን ግን ይቀልበዋል። ደግሞ እየቆየ ዋጋው ይጨምራል። ዛሬ ዳቦ ነው፤ ነገ የደረጃ ዕድገት ቃለ መጠይቅ፣ ከነገ ወዲያ ሽማግሌ ልከህ የምትቆምበት ቤት ይሆናል።

ጨለማውን አትጥላው፤ ጀምርበት። እንዴት መሰለህ? ከዚያ ማታ ሰዎች መካከል ሁለቱን ምረጥና አንተ ቤት ቡና ጥራቸው። በዋናው አምፖል ፈንታ ሻማ አብራ። ሻማ ከአንድ ሜትር ርቀት የሚሰጠው ብርሃን አንድ ሉክስ ገደማ ነው (ሉክስ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው)፤ የሳሎን አምፖል ብዙ ጊዜ ከሃምሳ እስከ መቶ ሃምሳ ይደርሳል። ልዩነቱ እንግዲህ ቀላል አይደለም። በሻማው አንድ ሁለቴ ካወራህ በኋላ በሚቀጥለው የስልክህን ባትሪ ወደ ጣሪያ አዙረህ አብራ። ከዚያ አምፖሉን፣ አንተ ጥግ ሆነህ። ከዚያ አምፖሉን፣ አንተ ከሥሩ ሆነህ። ደረጃው ባይመችህ ቀይረው፤ ግን በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ እስኪሰለችህም ድገመው። አዎ፣ እስኪሰለችህ። ፍርሃት የሚለቀው ሲሰለች ነው።

ሲኒውን በተመለከተ ደግሞ ከበድ የሚል ነገር ልጠይቅህ ነው። በደህና ቀን፣ ከምታምነው ሰው ጋር ሆነህ፣ ሆን ብለህ አንቀጫቅጨው። ከዚያ በፊት ግን ቁራጭ ወረቀት ላይ «ምን ይሆናል ብዬ ፈራሁ» የሚለውን ጻፍ። «ዞረው ያዩኛል፣ ወሬ ይቆማል፣ ምን ሆንክ ይሉኛል።» ስትመለስ ወረቀቱን አውጥተህ የሆነውን ከጎኑ ጻፍ። ይህችን ወረቀት አትናቃት፤ ከምክሬ ሁሉ እሷን ብቻ ብትይዝ ይሻለኛል። በ2000 ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተማሪዎችን የሚያሳፍር የዘፋኝ ፎቶ ያለበት ቲሸርት አልብሰው ሰው ወዳለበት ክፍል አስገቧቸው። ልጆቹ ግማሽ ያህሉ ሰው አይቶናል ብለው ገመቱ። በእርግጥ ያየው ግን ሩብ ያህሉ ነበር። ያ ቲሸርት ያንተ ሲኒ ነው።

ስታወራ ደግሞ ዓይንህን ከራስህ አንሳና ውጪ ላክ። ማን ቡና አልደረሰውም? ፈንዲሻው ወደ ማን ራቀ? ማን ሊናገር ፈልጎ ተቋረጠ? ክፍልህ ውስጥ ከልጆቹ ጋር የማትጨነቀው ለምን ይመስልሃል? እዚያ የምታየው እነሱን ነው። «የኋላው፣ ዝም በል» ስትል ስለ እጅህ አታስብም።

መከለያህን በአረቄ እንዳትተካው አደራ። በሀገራችን ይህ ቅርብ ነው፣ ሁለት መለኪያ ምላስ ይፈታል፤ በማግስቱ ግን ጭንቀቱ ጨምሮ ይጠብቅሃል፣ ቀጥሎም ሦስት መለኪያ ይጠይቃል።

ይህን ለሁለት ሦስት ወር ሞክረህ ካልተንቀሳቀሰ ወይም ሥራህን መንካት ከጀመረ፣ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ያንተ ዓይነቱ፣ ማኅበራዊ ጭንቀት የሚባለው፣ ከ1980 ጀምሮ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ በስሙ የተመዘገበ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ከላይ የነገርኩህ ዓይነት ልምምድ በባለሙያ ሲመራ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና ይባላል፤ በመጀመሪያ ደረጃ የሚመከረውም እሱ ነው። መድኃኒትም አለ፣ እንደ ሰርትራሊን ያሉት፤ እሱ ግን በሐኪም ትእዛዝ እንጂ ከሰው ኪስ አይወሰድም፣ ለመሥራትም ሳምንታት ይፈጅበታል። ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ባሕር ዳርም ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን አሉ።

አሁን ወደ ጊደሯ። ያ ወሬ ተቆርጦ እንዲቀር አልፈልግም። በሻማው ማታ ሌላ ወሬ አትፈልግ፤ ካቆምክበት ጀምረህ እሱኑ ጨርስላቸው። ለእኔም ጻፍልኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ከቡሬ ነው የምጽፍልሽ፤ የምጽፈውም በእህቴ ልጅ እጅ ነው። የአሥራ አራት ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ካምና ጀምሮ ክፍሏን በመጋረጃ ጋርዳ እዚያው ትውላለች። እንግዳ ሲመጣ «ተኝታለች በይልኝ» ትለኛለች። ሌሊት ስነሳ በበሯ ሥር የስልኳን ብርሃን አያለሁ፤ አንዳንዴ ስምንት ሰዓትም ይሆናል። ትምህርቷ ላይ ጎበዝ ነበረች፤ አሁን ሰሌዳ ላይ ውጪ ሲሏት አልወጣም ብላ ተቀጣች። ጎረቤት «ዓይን ነው» ይለኛል። ጠበል ወስጃታለሁ። አባቷ ትዕቢት ነው ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ ትዕቢት አይደለም። አባቷን ይህን አንድ ነገር ያሳምኑልኝ። ማኅበራዊ ጭንቀት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ልክ በእሷ ዕድሜ ነው፣ አሥራ ሦስት ዓመት አካባቢ። ሰውነት ይለወጣል፣ ልጅ ራሱን በሰው ዓይን ማየት ይጀምራል፣ አንዳንዱ ላይ ያ ዓይን ይከብዳል። ሰሌዳ ላይ መውጣት ያስፈራት ትምህርቱ ጠፍቷት ላይሆን ይችላል፤ ጀርባዋን ለአርባ ልጅ ሰጥታ መቆሙ ነው።

ስለ መጋረጃው ልጠይቅዎ። መስኮቷ የሚከፈተው ወዴት ነው? ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት ግቢ ከሆነ ልጅዎ የጋረደችው ብርሃኑን ሳይሆን ዓይኑን ሊሆን ይችላል። እንግዲያው «ክፈቺ፣ ጨለማ ለምን ትወጃለሽ» ብሎ መጋረጃውን መግፈፍ ብርሃን ከማስገባቱ በፊት ጠብ ያስገባል። ስስ ነጭ መጋረጃ ይግዙላት። ብርሃን ያስገባል፣ ሰው አያሳይም። እሷው ትስቀለው።

ብርሃኑ ለምን ያስፈልጋታል? ዓይናችን ውስጥ ምስል ለማየት ሳይሆን ቀንና ሌሊቱን ለአንጎል ለመንገር የሚሠሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። ሳይንስ በደንብ ያወቃቸው በ2002 አካባቢ ነው። የጠዋት ብርሃን ሲያገኙ የሰውነትን ሰዓት ያስተካክላሉ፣ ማታ እንቅልፍ በጊዜው ይመጣል። ልጅዎ ቀን ጨለማ፣ ሌሊት የስልክ ብርሃን ሆነባት፤ ሰዓቷ ተገለበጠ። በደንብ ያልተኛ አንጎል ደግሞ ሰው ፊት ይበልጥ ይፈራል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት እንቅልፏን እናስተካክል። ስልኩን ይንጠቁ አልልም። ማታ የቤቱ ስልክ ሁሉ፣ የእርስዎም የአባቷም፣ ሳሎን አንድ ቦታ ይደር። እሷ ብቻ ከተወሰደባት ቅጣት ይመስላታል። ጠዋት ደግሞ ከእርስዎ ጋር ሩብ ሰዓት ደጅ ትውጣ፤ ግቢ መጥረግም፣ ወፍጮ ቤት ሸኝታ መመለስም ይሆናል።

እንግዳ ሲመጣ «ተኝታለች» ማለቱን ቀስ ብለው ይተዉት። በተቃራኒው ደግሞ «ነይ ውጪ፣ ሰላም በይ» ብለው በሰው ፊት አይጥሯት። ሁለቱም ይጎዳታል። ቀድመው ይስማሙ። «አክስትሽ ስትመጣ የእጅ ውኃ ብቻ አስታጥቢና ግቢ» ይበሏት፤ ሥራ በእጅ ሲኖር ዓይን ይቀላል። ከገባች በኋላ አይጥሯት፣ ቃልዎን ይጠብቁ። በሚቀጥለው ቆሎውንም ታቅርብ። እንግዳው ፊት «እሷ እኮ ዓይን አፋር ናት» የምትለዋን ቃል ግን እባክዎ ይተዉልኝ። እኛ ይቅርታ የጠየቅንላት ይመስለናል፤ ልጅቱ ግን ስሟ ያ ሆኖ ይቀራል።

የክፍል ኃላፊዋን መምህር ብቻቸውን ያናግሩ። ለጊዜው ከተቀመጠችበት ትመልስ፣ ቀጥሎ ከተቀመጠችበት ቆማ፣ ሰሌዳው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ሌላ ነገር አለ፤ ይህ የሚከብድ ነው። ካምና ጀምሮ ነው ብለዋል። ያኔ የሆነ ነገር አለ ወይ? ትምህርት ቤት የሚያስፈራራት፣ መንገድ ላይ የሚለክፋት፣ በስልኩ የሚያሳቅቃት ሰው ሊኖር ይችላል። ይህን ፊት ለፊት አስቀምጠው፣ አምፖል አብርተው፣ ዓይን ዓይኗን እያዩ አይጠይቋት። ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ጋደም ይበሉ። ወይም ጎን ለጎን ምስር ሲለቅሙ፣ ዓይናችሁ ሰፌዱ ላይ ሆኖ። ትንሽ ይጠይቁና ዝም ይበሉ። ዝምታው ቢረዝምም አይሙሉት። ከነገረችዎ አይቆጡ፣ «ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም» አይበሉ።

ጠበሉን ይቀጥሉ፣ የሚከለክል የለም። ሐኪሙም ይጨመርበት። ምግብ ከተወች፣ ትምህርት ቤት ጨርሶ ከቀረች፣ ወይም «ምነው ባልኖርኩ» ዓይነት ቃል ከአፏ ከወጣ ቀን አይቁጠሩ፤ ያኑ ዕለት ይውሰዷት።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው ከጮቄ ተራራ ግርጌ ነው፤ ነጋዴ ነኝ፣ 41 ዓመቴ ነው። በጋ ላይ ደህና ነኝ። ክረምት ሲገባ ግን ሰው አልፈልግም። ደንበኛ ሲመጣ እንኳ ፊቴን አዞራለሁ። መስከረም ላይ ማኅበር ስንጀምር እንደ አዲስ ሙሽራ እጨነቃለሁ። አንድ ልጅ «ፈረንጆች በጨለማ ምክንያት የሚይዛቸው በሽታ ነው» አለኝ። እውነት ነው? መብራቱን ከውጪ ላስመጣ?

መልስ፦ ልጁ የሰማው ነገር እውነት አለው፤ ለእርስዎ ግን እንዳለ አይሠራም። በሰሜን አውሮፓ በብርዱ ወቅት ቀኑ በጣም ያጥራል፣ ሰው ሥራ ሲገባም ሲወጣም ጨለማ ነው። በ1984 ስም የተሰጠው ወቅት ጠብቆ የሚመጣ ድብርት አለ፤ እሱን ለማከም ጠዋት ጠዋት አሥር ሺህ ሉክስ የሚሰጥ መብራት ፊት ይቀመጣሉ። ያ መብራት የተፈተነው በዋናነት ለዚያ ድብርት ነው። ለማኅበራዊ ጭንቀት መድኃኒት ነው ብዬ ገንዘብዎን አላስወጣዎትም።

የእኛ ሀገር ነገር ሌላ ነው። ጎጃም ውስጥ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ደግሞ ልብ ይበሉ፣ ረጅሙ ቀን የሚውለው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው፣ ክረምቱ ሲገባ። አጭሩ ታኅሣሥ ላይ ነው፣ እርስዎ ደህና ነኝ በሚሉበት በጋ። ስለዚህ የሌሊቱ ርዝመት አይደለም የያዘዎት። ደመናው ነው፣ ጉሙ ነው፣ ጭቃው ነው፤ ሰው ቤቱ መግባቱ ነው።

ሁለት ነገር ተደራርቦብዎታል ብዬ አስባለሁ። አንደኛው ብርሃኑ። የጮቄ ጉም ሲወርድ ሱቅ ውስጥ ቀኑን ሙሉ በአንዲት አምፖል ይውላሉ፣ መቶ ሉክስ ቢደርስ ነው። ደጁ ግን ደመና ሞልቶትም እንኳ ሺዎች ሉክስ አለው። ዓይናችን ስለሚለምድ ልዩነቱ አይታወቀንም፣ ሰውነት ግን ያውቀዋል። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ሃያ ደቂቃ ይውጡ። ሱቁ ውስጥም መቀመጫዎን ከጀርባው መደርደሪያ ወደ በሩ ያምጡት።

ሁለተኛው ግን ለእርስዎ ይበልጥ ይሠራል። ሰው ፊት መሆን ካልተደጋገመ ይዝጋል። ሦስት ወር ከቤት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ ቤት ብለው፣ መስከረም ላይ በአንዴ አዲስ ዓመት፣ መስቀል፣ ማኅበር ሲመጣ ማን አይከብደውም? ለሌላውም ይከብዳል፤ ለእርስዎ በዛ ብሏል። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ ክፍተት አይስጡት። በሳምንት አንድ ሰው ይምረጡ። ጃንጥላ ይዘው ሄደው ደጃፉ ላይ ሩብ ሰዓት ያውሩና ይመለሱ። ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ሒሳብ ከመናገርዎ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቁት፤ «ጤፉ እንዴት ያዘላችሁ?» ይበቃል። ፊትዎን ማዞርዎን ለመተው ይህችን ያህል ምክንያት ትበቃለች።

ከሰው መራቁ ላይ እንቅልፍ ማብዛት ወይም ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መለወጥ፣ ምንም ነገር ደስ አለማለት ተጨምሮ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ያ ጭንቀት ብቻ አይደለም። ድብርት ሊሆን ስለሚችል ይታዩ።

የመስከረሙን ማኅበር በተመለከተ፣ ዘንድሮ ከሁሉ ቀድመው ይሂዱ። ቤቱ ሞልቶ ሁሉ ዞሮ ሲያይ ከመግባት፣ ሁለት ሦስት ሰው እያለ ገብቶ የሚመጣውን መቀበል በጣም ይቀላል። ዳቦውን በመቁረስ ወይም ጠላውን በመቅዳት ያግዙ። እንዴት እንደሆነልዎ ጥቅምት ላይ ይጻፉልኝ፤ እጠብቃለሁ።